ሰው ራሱን ስቶ ሲወድቅ፦ ተራ መዝለፍለፍን ከሾክ ለይቶ የመርዳት አሠራር

በረጅም ቅዳሴ መካከል፣ በሠርግ ድንኳን ውስጥ ወይም በታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰው ድንገት ተዝለፍልፎ ሲወድቅ የሚሆነውን ሁላችንም አይተነዋል። ሰዉ ይከበዋል፤ አንዱ ቀና አድርጎ ሊያስቀምጠው ይታገላል፣ ሌላው ፊቱ ላይ ውሃ ይረጫል፣ ሦስተኛው ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ይይዛል። የወደቀው ሰው ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ዓይኑን ሲገልጥ «ተመስገን» ተብሎ ሁሉም ወደየጉዳዩ ይበተናል። በድንገተኛ ሕክምና ክፍል በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ያስጨነቀኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። ያስጨነቀኝ በገዛ እግሩ ገብቶ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠው፣ «ትንሽ ደከመኝ እንጂ ደህና ነኝ» እያለ የሚያወራው፣ እጁን ስይዘው ግን ቀዝቅዞ በላብ የራሰው ሰው ነበር። ይህ መመሪያ የተጻፈው ሁለቱን ለይቶ ለማወቅና ለእያንዳንዳቸው ተገቢውን ለማድረግ እንዲረዳ ነው።

አስቀድሞ ቃሉን ማጥራት ያስፈልጋል። በዕለት ንግግራችን «ሾክ ሆንኩ» ስንል በጣም ደነገጥኩ ማለታችን ነው። በሕክምና ሾክ የሚባለው ግን ከድንጋጤ ጋር አይገናኝም፤ የደም ዝውውር ከመዳከሙ የተነሣ አንጎል፣ ኩላሊት፣ ጉበትና ልብ ራሱ የሚበቃቸውን ኦክስጅን የማያገኙበት፣ ካልታከመም በሰዓታት፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ውስጥ የሚገድል ሁኔታ ነው። ራስን መሳት ደግሞ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለአጭር ጊዜ ብቻ ሲቀንስ የሚመጣ ነው። ወደ አንጎል የሚፈሰው ደም ከ6 እስከ 8 ሰከንድ ቢቋረጥ ሰው ራሱን ይስታል፤ ሲወድቅ ሰውነቱ ስለሚጋደም ደሙ ወደ ራሱ ይመለስና ይነቃል። መውደቁ ራሱ መድኃኒት ነው ማለት ይቻላል፤ ወድቆ የተኛውን ሰው ቀና አድርጎ ማስቀመጥ ጉዳት የሚሆነውም ለዚህ ነው።

የደም ዝውውርን በግቢ ውስጥ እንዳለ የውሃ መሥመር አድርጎ ማሰብ ይረዳል። ውሃው እንዲደርስ ሮቶው ውስጥ በቂ ውሃ መኖር፣ ፓምፑ መግፋት፣ ቧንቧው ልኩን መጠበቅ፣ መሥመሩም ያልታነቀ መሆን አለበት። ደም ወይም ፈሳሽ ሲጎድል፣ ልብ መግፋት ሲያቅተው፣ የደም ሥሮች ከልክ በላይ ሲሰፉ ወይም መንገዱ ሲዘጋ ሾክ ይመጣል። የሾክ ዓይነቶች ሁሉ ከእነዚህ ከአራቱ በአንዱ፣ አንዳንዴም በሁለቱ ሥር ይወድቃሉ።

አንድ፦ ባለበት ያስተኙት

ወደ ወደቀው ሰው ከመጠጋትዎ በፊት አካባቢውን ይቃኙ። የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የከሰል ምድጃ ያለበት የተዘጋ ክፍል ወይም የሚንቀሳቀስ መኪና ካለ እርስዎም አብረው ሊወድቁ ይችላሉ። የከሰል ጭስ ከሆነ በሩንና መስኮቱን ከፍተው ሰውየውን ወደ ውጭ ያውጡት። ከዚያም ትከሻውን ነካ ነካ አድርገው በኃይለኛ ድምፅ ይጥሩት፤ መልስ ከሌለ አገጩን ቀና አድርገው ደረቱ መነሣት መውረዱን እስከ 10 ሰከንድ ድረስ ይመልከቱ።

የማይተነፍስ ከሆነ፣ ወይም አልፎ አልፎ እንደ ማጓራት ብቻ ካደረገው፣ ይህ ራስን መሳት ሳይሆን የልብ መቆም ነው። አንድ ሰው አምቡላንስ እንዲጠራ ያድርጉና በደረቱ መሐል ሁለቱን እጆችዎን ደራርበው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጠለቅ እያደረጉ ይጫኑ። እ.ኤ.አ. በ2003 ካሜሩናዊው የእግር ኳስ ተጫዋች ማርክ ቪቪየን ፎዌ በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ በጨዋታ መካከል ማንም ሳይነካው ወድቆ ሕይወቱ ሲያልፍ ዓለም በቴሌቪዥን አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ኮፐንሃገን ላይ የወደቀው ዴንማርካዊ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን ግን ወዲያው ደረቱን መጫን ተጀምሮለትና ልቡ በኤሌክትሪክ ንዝረት ተመልሶለት ተርፏል፤ በኋላም ወደ ሜዳ ተመልሷል። ሰው እየሮጠ ሳለ ድንገት ሲወድቅ «ድካም ነው» ብሎ መጠበቅ እንደማይገባ ሁለቱም ያስተምራሉ።

የሚተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝተው የሸሚዙን አንገት፣ ቀበቶውንና ነጠላውን ያላሉለት፤ እግሩንም በወንበር ወይም በቦርሳ ላይ ከልቡ ከፍ አድርገው ያስቀምጡት። ሰው እንዳይከበው ያድርጉ። ካስመለሰው ወይም ካልነቃ ትውከቱ እንዳያንቀው በጎኑ ያዙሩት። ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ በተለይም እርግዝናዋ ከገፋ፣ በግራ ጎኗ ያስተኟት፤ በጀርባዋ ስትተኛ ማህፀኗ ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫናልና። ከፍ ካለ ቦታ የወደቀ ወይም በመኪና የተገጨ ሰው ከሆነ ግን አንገቱን አያንቀሳቅሱ፤ እግሩንም አያንሡ።

ሳይነቃ ውሃም፣ ስኳርም፣ ለስላሳም በአፉ አይጨምሩ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ክብሪቱን በተመለከተ ብዙ ሰው አጥብቆ ስለሚያምንበት ምክንያቱን ልግለጽ። በሚጥል በሽታ የሚንቀጠቀጥ ሰው መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት በሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል፤ ክብሪቱ ተገኝቶ እስኪጫር ድረስ ያ ጊዜ ያልፋልና ጭሱ ያዳነው ይመስላል። የክብሪት ጭስ ግን የመተንፈሻ አካልን ከማስቆጣት ሌላ ጥቅም የለውም። በአፍ ውስጥ ማንኪያ ማስገባትም ጥርስ ይሰብራል። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሕክምና መውሰድ ግዴታ ነው።

ሁለት፦ ሰዓት ይያዙ፤ ሲነቃም ይጠይቁ

ተራው መዝለፍለፍ ሦስት መለያዎች አሉት። የሚመጣበት ምክንያት ይታወቃል፤ ረጅም ጊዜ መቆም፣ ሙቀትና መታፈግ፣ ደም ወይም መርፌ ማየት፣ ብርቱ ሕመም፣ ኀዘን ወይም ድንጋጤ። ከመውደቁ በፊት ማስጠንቀቂያ አለው፤ ማዛጋት፣ ማቅለሽለሽ፣ ላብ፣ ጆሮ መጮህና ዓይን ብዥ ማለት። ሲተኛም ከአንድ ሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይነቃል፣ የት እንዳለም ወዲያው ያውቃል። በዚህ ጊዜ እጅና እግሩ ለጥቂት ሰከንድ ቢንቀጠቀጥ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው የምላሱን ጎን ነክሶ፣ ከነቃም በኋላ ለረጅም ደቂቃዎች ግራ ተጋብቶ ይቆያል። የስኳር ሕመምተኛ ከሆነና ኢንሱሊን ወስዶ ሳይበላ ከቆየ የደሙ ስኳር ወርዶ ሊሆን ስለሚችል፣ ነቅቶ መዋጥ መቻሉን ካረጋገጡ በኋላ ስኳር ወይም ለስላሳ ይስጡት።

የሚከተሉት ካሉ ግን ሰውየው ነቅቶ ቢስቅም ወደ ቤቱ አይላክም፤ እየሮጠ ወይም ከባድ ሥራ እየሠራ የወደቀ፣ ተኝቶ ሳለ ራሱን የሳተ፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የተጣለ፣ ከመውደቁ በፊት ልቡ በኃይል የመታ ወይም ደረቱን ያመመው፣ የታወቀ የልብ ሕመም ያለበት፣ በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ያለ። እነዚህ ከልብ የሚመጣ ራስን መሳት ምልክቶች ናቸው። ስትሮጥ ወይም ድንገተኛ ድምፅ ስትሰማ እየወደቀች «መንፈስ ነው» ተብላ ለዓመታት የልብ ምርመራ ሳታገኝ የቆየች ልጅ አጋጥማኛለች። ጸሎትና ጠበል የሚሹ ቤተሰቦችን እምነት አከብራለሁ፤ ኢሲጂ የሚባለው የልብ ምርመራ ግን ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ፣ የማያምና እምነትን የማይነካ ነውና ሁለቱን ማስኬድ ይቻላል ብዬ ለወላጆች ደጋግሜ እነግራለሁ።

ሦስት፦ እጁን ይያዙ

ሾክ በዓይን ብቻ አይታወቅም፤ በእጅ ይዳሰሳል። ምንም መሣሪያ ሳይኖር የሚከተለውን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ማድረግ ይቻላል።

መዳፉንና ጣቶቹን ይንኩ፤ ከዚያ ክንዱን ወደ ላይ፣ እግሩንም እስከ ጉልበቱ ይዳስሱ። ሰውነት ደም ሲጎድለው ለልብና ለአንጎል ለማትረፍ የቆዳን ደም ሥሮች ስለሚያጠብ፣ ቅዝቃዜው ከጣት ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ጉልበት ድረስ ቀዝቅዞ በላብ የረጠበ ሰው በጠና ታሟል።

የጣቱን ጥፍር እስኪነጣ ድረስ ለ5 ሰከንድ ይጫኑትና ይልቀቁት። ቀለሙ በ2 ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት፤ ከ3 ሰከንድ በላይ ከቆየ ዝውውሩ ደክሟል። በእኛ የቆዳ ቀለም መገርጣት ፊት ላይ ቶሎ ስለማይታይ የታችኛውን የዓይን ሽፋን ውስጡን፣ ከንፈርን በስተውስጥና መዳፍን ማየት ይሻላል።

በአውራ ጣት በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ በሁለት ጣት የደም ሥር ምቱን ይቁጠሩ፤ ለ30 ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ይበቃል። በተረጋጋ አዋቂ ሰው ከ60 እስከ 100 ነው። አርፎ ተኝቶ ከ100 በላይ ከሆነ፣ በተለይም ምቱ ቀጭንና ለመያዝ የሚያስቸግር ከሆነ ሾክን ይጠርጥሩ። አተነፋፈሱንም ይቁጠሩ፤ በደቂቃ 22 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ያሳስባል። ከዚያም ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን ይጠይቁት። የሚቁነጠነጥ፣ «ልውጣ፣ ልሂድ» የሚል፣ ውሃ ውሃ የሚል ሰው ባሕርይው የከፋ ሳይሆን አንጎሉ ኦክስጅን ያነሰው ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ሽንት የሸናው መቼ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ስድስትና ሰባት ሰዓት ሽንት ያልመጣለት የታመመ ሰው ኩላሊቱ ደም እያነሰው ነው።

የደም ግፊት መለኪያ ካለ ይለኩ፤ ነገር ግን በቁጥሩ ብቻ አይረጋጉ። አንድ ቀን እናቷ ደግፋ ያመጣቻት የሃያ ሁለት ወይም የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበረች፤ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቃ ነቅታለች። «ቁርስ ሳትበላ ወጥታ ነው» አሉን። ግፊቷ 110 በ70 ስለነበረ ወረፋ እንድትጠብቅ አደረግናት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ባጠገቧ ሳልፍ ነጠላዋን ጥብቅ አድርጋ ተከናንባ ትንቀጠቀጣለች፤ እጇን ስይዘው ቀዝቅዟል፣ ምቷ 124 ነው፣ ጥፍሯ ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ እስኪመለስ አራት ሰከንድ ፈጀ። ወር አበባዋ ሁለት ሳምንት ዘግይቷል፤ ቀኝ ትከሻዋንም ያማታል። ከማህፀን ውጪ የነበረ እርግዝና ፈንድቶ ሆዷ ውስጥ ሁለት ሊትር ገደማ ደም ፈስሶ ነበር። ተርፋለች፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መለኪያውን ከማሰሬ በፊት እጅ እይዛለሁ። አዋቂ ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው፤ ወጣት ሰው ከዚህ 30 በመቶውን፣ ማለትም አንድ ሊትር ተኩል ያህል፣ እስኪያጣ ድረስ ግፊቱ ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል። ሲወርድ ግን በአንድ ጊዜ ይወርዳል።

አራት፦ ምክንያቱን ይፈልጉ

በብዛት የሚያጋጥመን ሾክ ከፈሳሽ መጉደል የሚመጣው ነው፤ ከእርሱም ውስጥ የመጀመሪያው የደም መፍሰስ ነው። የሚታይ ደም ካለ በንጹሕ ጨርቅ በቀጥታ ቁስሉ ላይ አጥብቀው ይጫኑ፤ በየደቂቃው እየገለጡ አያዩት። ከእጅ ወይም ከእግር በግፊት የሚፈሰውና በመጫን የማይቆመው ደም ከቁስሉ ከፍ ብሎ በሰፊ ጨርቅና በዱላ ተጠምዝዞ ይታሰራል፤ የታሰረበት ሰዓትም ይጻፋል። ቀጭን ገመድ ወይም ሽቦ ሥጋን ስለሚቆርጥ አይጠቀሙ።

የማይታየው መፍሰስ የበለጠ ያታልላል። በመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ሆዷን አሟት ራሷን ከሳተች፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ከማህፀን ውጪ የሆነ እርግዝና እንደፈነዳባት ተቆጥራ ትወሰድ፤ «እርጉዝ አይደለሁም» ማለቷ በቂ አይደለም፣ ሳታውቀው ሊሆን ይችላል፣ በቤተሰብ ፊትም ላትናገር ትችላለች። ስለዚህ ብቻዋን ይጠይቋት። በግራ ጎኑ በዱላ ወይም በመኪና የተመታ ሰው ጣፊያው ከቀናት በኋላ ሊፈነዳ ይችላል፤ በወባ አካባቢ የሚኖርና ጣፊያው ያበጠ ሰው ከሆነ ቀላል ምት ይበቃዋል። ለጉልበት ወይም ለወገብ ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ የቆዩ አረጋዊ ሲደክማቸውና ሲያዞራቸው የሰገራቸውን ቀለም ይጠይቁ፤ እንደ ሬንጅ ጥቁር፣ የሚያጣብቅና የሚሸት ከሆነ ጨጓራቸው እየደማ ነው።

በወሊድ ጊዜ ያለውን ለብቻው ማንሣት እወዳለሁ፤ እናቶችን ከሚገድሉት ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ ነውና። ከወለደች በኋላ ከግማሽ ሊትር በላይ ደም መፍሰስ ከልክ ያለፈ ነው፤ በቤት ውስጥ ግን ደም ጨርቅና ፍራሽ ውስጥ ስለሚሰርግ ማንም በሊትር አይለካውም። ጨርቁ ወይም ሞዴሱ በተከታታይ ቶሎ ቶሎ የሚርስ ከሆነ፣ ወይም ትልልቅ የረጋ ደም ከወጣ ሳይዘገዩ ይነሡ። በመንገድ ላይ ከእምብርቷ በታች ያለውን ማህፀን እስኪጠነክር ድረስ በእጅ ይሹት፣ ሽንቷን ትሽና፣ ሕፃኑን ጡት ታስይዘው። እንግዴ ልጁ ካልወጣ እትብቱን አይጎትቱ። ጤና ጣቢያ ስትደርስ የሚሰጣት ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው ደም ማቆሚያ ጥቅሙ ከወሊድ በኋላ ባሉት 3 ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ በመሆኑ የተወለደበትን ሰዓት ማወቅዎ ዋጋ አለው።

ፈሳሽ በተቅማጥና በትውከትም ያልቃል። ኮሌራ ወይም በተለምዶ አተት የምንለው ሲያጋጥም አዋቂ ሰው ጠዋት ታሞ ማታ ሊሞት ይችላል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ከተመለሰ፣ ምቱ ከጠፋ በደም ሥር ፈሳሽ ያስፈልገዋል። መጠጣት እስከቻለ ድረስ ግን አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው ወደ ጤና ጣቢያው እየሄዳችሁም ጭምር ያጠጡት። ኦአርኤስ ከሌለ በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ያዘጋጁ፤ ጨው ማብዛት ሕፃናትን ይጎዳል። ሰፊ የእሳት ቃጠሎና መቆጣጠር ያቃተው የስኳር ሕመምም በዚሁ መንገድ ፈሳሽ ያስጨርሳሉ።

የደም ሥሮች ከልክ በላይ ሰፍተው የሚመጣ ሾክ ሁለት ዋና ዋና መልክ አለው። አንዱ ከኢንፌክሽን የሚነሣው ነው፤ የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧና የኩላሊት ኢንፌክሽን፣ ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ ያለ የማህፀን ኢንፌክሽን፣ የፈነዳ ትርፍ አንጀት። መጀመሪያ ላይ እጁ ሞቃት ሊሆን ስለሚችል ያታልላል፤ ስለዚህ ትኩሳት ያለው ወይም ይልቁንም ሰውነቱ ከልክ በላይ የቀዘቀዘ፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስና የሚቀባዥር ሰው በዚያው ሰዓት ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ማግኘት አለበት።

ሁለተኛው አናፊላክሲስ የሚባለው ብርቱ አለርጂ ነው። ንብ ከነደፈው፣ ፔኒሲሊን ወይም ሌላ መርፌ ከተወጋ ወይም የማይስማማውን ምግብ ከበላ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳው ያብጣል፣ ከንፈሩ ያብጣል፣ ድምፁ ይታፈናል፣ ደረቱ ያፏጫል፣ ያስመልሰዋል፣ ይዝለፈለፋል። መድኃኒቱ አድሬናሊን ነው፤ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም በታፋው የውጭ ጎን ጡንቻ ውስጥ ይወጋል፣ ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ሃይድሮኮርቲዞንና የአለርጂ ክኒን ደጋፊ እንጂ ምትክ አይደሉም፤ እነርሱን ሰጥቶ አድሬናሊኑን የሚያዘገይ ባለሙያ ካጋጠመዎ «አድሬናሊን አያስፈልገውም?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። ይህን ሰው ተኝቶ ሳለ በድንገት ማስነሣትና ማራመድ ልቡን ሊያቆመው ይችላል፤ ትንፋሽ ካጠረው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ እንጂ አይቁም።

ልብ መግፋት ሲያቅተው የሚመጣው ሾክ በእኛ አገር በልብ ድካምና በልብ ደም ቅዳ መዘጋት ብቻ ሳይሆን፣ ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም በሚነሣው የሩማቲክ የልብ ሕመምና በወሊድ ወራት በሚመጣው የልብ ጡንቻ መድከም ወጣቶችንም ይይዛል። ምልክቱ ከቅዝቃዜው ጋር ትንፋሽ ማጠር፣ ተኝቶ መተንፈስ አለመቻልና የአንገት ደም ሥር መወጠር ነው። ይህን ሰው አያስተኙት፤ እግሩንም አያንሡ፤ ቀና ብሎ ተደግፎ ይቀመጥ። የመንገድ መዘጋት የሚባለው ደግሞ ከሳንባ ነቀርሳ የተነሣ በልብ ሽፋን ውስጥ ውሃ ሲሞላ፣ ደረት ተወግቶ አየር ሳንባን ሲጨፈልቅ፣ ወይም ከቀዶ ሕክምናና ከረጅም መተኛት በኋላ የረጋ ደም ከእግር ተነሥቶ የሳንባን ደም ቅዳ ሲዘጋ ነው፤ ይህ በቤት ውስጥ የሚደረግለት ነገር የለም፣ መፍጠን ብቻ ነው። ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ደግሞ ግፊቱ ወርዶ ምቱ ቀርፋፋ፣ ቆዳውም ሞቃት ሊሆን ይችላል።

አምስት፦ እስኪደርስ ድረስ

በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ አገልግሎት በ939 ይጠራል። በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ 112፣ በእስራኤል 101፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ 998 ነው፤ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶች ይህን ቁጥር በስልካቸው ላይ አስቀድመው ቢይዙ መልካም ነው። አምቡላንስ የሚዘገይ ከሆነ በተገኘው መኪና ይውሰዱት፤ በባጃጅ አጣጥፎ ከማስቀመጥ ግን በቃሬዛ ተኝቶ የሚሄድበትን ይፈልጉ። በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ይሸፍኑት፤ በሙቅ ውሃ ጠርሙስ ግን አያሙቁት፣ የቆዳ ደም ሥሮቹ ሰፍተው ደሙ ከውስጥ አካላቱ ይሸሻል። ከተቅማጥ በስተቀር፣ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችል የሚበላም የሚጠጣም አይስጡት። በወረቀት ላይ የወደቀበትን ሰዓት፣ የቆጠሩትን ምት፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችና አለርጂውን ጽፈው ይዘው ይሂዱ።

ሕክምና ቦታ ስትደርሱ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ለምን ግሉኮስ አይሰኩለትም?» ሁሉም ሾክ በፈሳሽ አይድንም። ደም ለፈሰሰው ደም፣ በተቅማጥ ለደረቀው ብዙ ፈሳሽ ያስፈልገዋል፤ ልቡ ለደከመው ግን ያው ፈሳሽ ሳንባው ውስጥ ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ፣ በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ 3,141 ሕፃናትን ያካተተ ጥናት፣ ብርቱ ትኩሳት ይዟቸው ዝውውራቸው ከደከመ ሕፃናት መካከል በፍጥነት ፈሳሽ ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ፣ እንዲሁ ካልተሰጣቸው ግን 7.3 በመቶ መሞታቸውን አሳይቷል። ተቅማጥ ያለባቸውና በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዱ ሕፃናት በዚያ ጥናት አልተካተቱም። ስለዚህ ሐኪሙ ሲያመነታ ቸል ማለቱ ላይሆን ይችላል።

ስድስት፦ ደጋግሞ ራሱን ለሚስት ሰው

ልቡ ተመርምሮ ደህና መሆኑ ከተነገረው በኋላ አብዛኛውን መውደቅ ማስቀረት ይቻላል። ማዛጋቱና ብዥታው ሲጀምር ቦታውን ሳይመርጥ ይቀመጥ ወይም ይተኛ፤ ኀፍረት ይዞት ቆሞ የቀረ ነው ጥርሱን የሚሰብረው። መተኛት ካልቻለ እግሮቹን አጣምሮ ታፋውንና መቀመጫውን ያጥብቅ፣ ወይም የሁለቱን እጆቹን ጣቶች ቆላልፎ በኃይል ወደየጎኑ ይሳብ፤ ይህ ደምን ወደ ልብ ይገፋል። በማኅሌትና በቅዳሴ ረጅም ሰዓት የሚቆም ሰው ጉልበቱን ሳይገትር በመቋሚያው ተደግፎ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውር፤ ሳይጾም በሚውልበት ቀን በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ፈሳሽ ይጠጣ።

ለደም ግፊት መድኃኒት፣ በተለይም ሽንት የሚያበዛ ክኒን የሚወስዱ ሰዎች በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ያለ ውሃ ሲውሉ ግፊታቸው ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ሌላ አደጋ ያመጣልና ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሰዓቱንና መጠኑን ሐኪም ያስተካክልላቸው። አረጋውያን ከአልጋ ሲነሡ የሚያዞራቸው ከሆነ ለ5 ደቂቃ ተኝተው ግፊታቸው ይለካ፤ ከቆሙ በኋላ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ እንደገና ይለካ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ቁጥሮቹን ከነሰዓታቸው ጽፈው፣ የሚወስዱትን ክኒን በሙሉ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ ማየት የሚፈልገው ፌስታሉን ነው።